ጠጠር ለእትዬ ትብለጥ ደጅ

(ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከቢሾፍቱ ዳር ባለ ጭቃ ሰፈር፤ እድሩ ነገ ሳይነጋ እትዬ ትብለጥን መርዶ ሊያረዳና ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ሊተክል ስላሰበ ጭቃውን በጠጠር እንዲሸፍን ሾፌሩን ታገሰን ልኮታል፤ ማን እንደሞተ ሳይነግሩት «ሴትዮዋ ቤት አይኖሩም፣ ቢኖሩም እንዳይሰሙ» ብቻ ብለውታል፤ ሴትዮዋ ግን በሩን ከፍተው ገልባጩ መኪና ፊት ቆመዋል።)

ትብለጥ፦ መልሰው አልኩህ! ያላዘዝኩትን ጠጠር ደጄ ላይ አታራግፍም።

ታገሰ፦ እማማ፣ መጀመሪያ ከመኪናው ፊት ገለል ይበሉ። መሬቱ ያንሸራትታል፤ ፍሬኑን እኔ ራሴ አላምነውም።

ትብለጥ፦ የማታምነውን መኪና ይዘህ ሰው በር ላይ ትመጣለህ? ንቅንቅ አልልም።

ታገሰ፦ ቤቱ ይሄ ነው እኮ። ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ አረንጓዴ በር፣ አጥሩ ቆርቆሮ።

ትብለጥ፦ እዚህ ሰፈር አረንጓዴ ቀለም የረከሰ ጊዜ በሩን ያልቀባ የለም። ሂድና የሌላውን አንኳኳ።

ታገሰ፦ የእትዬ ትብለጥ ቤት ነው የተባልኩት።

ትብለጥ፦ ትብለጥስ እኔ ነኝ።

ታገሰ፦ እርስዎ ነዎት? … ቤት አይኖሩም ተብዬ ነበር እኮ።

ትብለጥ፦ ማነው እሱ የእኔን መውጣትና መግባት የሚጠብቅ? ሌባ ነህ እንዳልልህ፣ ሌባ ይዞ ይሄዳል እንጂ ይዞ አይመጣም።

ታገሰ፦ ኧረ እኔ ሾፌር ነኝ እማማ! ከድንጋይ ካባው ጭነህ እዚህ ድፋ አሉኝ፤ ጫንኩ፣ መጣሁ። ደፍቼ ልሂድ፣ ሌላ የማውቀው የለኝም።

ትብለጥ፦ ቤት አለመኖሬንማ አውቀህ ነበር። ደግሞም እውነትህን ነው፣ ዛሬ ልወጣ ነበር። ይቺ ጎረቤቴ ጥሩወርቅ «ዱከም የታመመች ዘመድ አለችኝ፣ አብረሽኝ ጠይቂልኝ» ብላ ከጠዋት ጀምራ ነዘነዘችኝ። የጫነን ባጃጅ ወፍጮ ቤቱን ሳያልፍ ጭቃው ዋጠው። ወርደን ስንገፋ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ተመለስኩ። እሷ ምን እንደነካት እንጃ፣ ፊቷ አመድ መስሎ «ጋሽ ቱሉ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብላ በዚያ ጭቃ እየሮጠች ሄደች።

ታገሰ፦ ጋሽ ቱሉ ጋ?

ትብለጥ፦ የእድራችን ሰብሳቢ ነው። ታውቀዋለህ እንዴ?

ታገሰ፦ አይ … የለም። አላውቃቸውም።

ትብለጥ፦ እንግዲያው ማን ነው ያዘዘህ?

ታገሰ፦ ሰው ነዋ።

ትብለጥ፦ ሰው መሆኑንማ መች አጣሁት፣ ጅብ ጠጠር አያዝም። ይሄ ሰው ስም የለውም?

ታገሰ፦ እማማ፣ ዝናቡ መጣ። ጠጠሩ ከረጠበ አልወርድም ይላል፣ ልድፋው።

ትብለጥ፦ ስም!

ታገሰ፦ … ልጅዎ ነው።

ትብለጥ፦ ምን አልክ?

ታገሰ፦ ልጅዎ ነው ያዘዘው። በቃ። «እኔ መሆኔን አትንገራት» ስላለኝ ነው የደበቅሁዎት።

ትብለጥ፦ ምንተስኖት?

ታገሰ፦ አዎ። ምንተስኖት።

ትብለጥ፦ በል ግባ! ምን ይገትርሃል? ይኸው ገለል ብያለሁ፣ ግባ! የበሩን መቃን ብትነቅለውም አልቆጣህም!

ታገሰ፦ ቀስ … ቀስ ይበሉ እማማ፣ ይወድቃሉ።

ትብለጥ፦ ልውደቅ! አምና ክረምት እዚህ ጋ፣ አሁን ጎማህ ያለበት ቦታ ላይ ወድቄ ግማሽ ቀን ተኝቻለሁ። የወፍጮ ቤቱ ሰው ነው ጎትቶ ያወጣኝ። የግራ እግር ጫማዬ እስከ ዛሬ እዚያው ውስጥ ነው፤ መሬቱን ስትቆፍር ካገኘኸው ያንተ ነው።

ታገሰ፦ ቁጥሩ ስንት ነው?

ትብለጥ፦ ሠላሳ ሰባት። ሚስትህን ልኳን ጠይቃት። ይሄን መውደቄን ለምንተስኖት ማን እንደነገረው አላውቅም፣ በስልክ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እማዬ፣ የሰው አገር መንገድ እየሠራሁ ያንቺ ደጅ ጭቃ ይሁን? ይቺ ክረምት ሳታልፍ ጠጠር አነጥፍልሻለሁ» አለ። እኔማ ረስቶታል ብዬ ነበር።

ታገሰ፦ መንገድ ሠሪ ነው እንዴ?

ትብለጥ፦ ሲደውልልህ አልነገረህም? ግሬደር ነው የሚነዳው፣ አፋር በረሃ። ለግመል መንገድ ይደለድላል እለዋለሁ። ልጅ ሆኖም ያው ነበር፤ እዚህ ጭቃ ላይ በእንጨት መንገድ ሲሠራ ይውላል። እኔ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ረግጬ ሳፈርስበት «እማዬ፣ መንገድ ዝግ ነው!» ብሎ ይጮህብኝ ነበር። በአጥሩ ዞሬ እገባለሁ፣ ምን ላድርግ። መቼ ነው የደወለልህ?

ታገሰ፦ ትናንት።

ትብለጥ፦ ትናንት! እኔ ድምፁን ከሰማሁ አራት ቀኔ። እስቲ ባንተ ስልክ ደውልልኝ፣ አሁን።

ታገሰ፦ አይገኝም እማማ። ኔትወርክ የለበትም፣ ራሱ ካልደወለ በስተቀር።

ትብለጥ፦ እሱስ ልክ ነህ። ኮረብታ ላይ ካልወጣ አይሰማም። ኮረብታ ወጥቶ ለጠጠር ነጂ ደውሎ ለእናቱ ሳይደውል? … ኧረ እኔ ሞኝ ነኝ! ስልኬ ጥሩወርቅ ጋ ነው እኮ። «ድምፁ ተበላሽቷል፣ ላሠራልሽ» ብላ ከወሰደችው አራት ቀኗ። ደህና ነው ግን?

ታገሰ፦ ደህና ነው።

ትብለጥ፦ ድምፁስ?

ታገሰ፦ ድምፁም ደህና ነው።

ትብለጥ፦ አላሳለውም? ያ አቧራ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ባለፈው ሲያወራኝ መሃል መሃሉን ሳል ይቆርጠው ነበር።

ታገሰ፦ አላሳለውም እማማ። ጥርት ያለ ነው።

ትብለጥ፦ ተመስገን። በል ከጋቢናው ውረድና አረፍ በል፣ ቆሎ ላምጣልህ። ጾም ሆኖ ነው እንጂ ወተትም አልነፍግህም ነበር።

ታገሰ፦ አይ፣ እቸኩላለሁ። የት ልድፋው?

ትብለጥ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ጠጠሩን ልየው። እስቲ ጭብጥ አድርገህ ስጠኝ … ደቃቁ ነው? ጥሩ አድርጓል። ትልልቁ ሽማግሌ እግር ይጥላል። እንግዲህ ስማኝ። ከበሩ ጀምረህ እስከ ቤቱ ደፍ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ። ከዚያ አይለፍ።

ታገሰ፦ እሱማ እሩብ አይፈጅም። እኔ የጫንኩት አሥራ ስድስት ሜትር ኩብ ነው። ግቢውን በሙሉ ነው የተባልኩት፣ ከበሩ እስከ አጥሩ ጥግ።

ትብለጥ፦ ጎመኔስ?

ታገሰ፦ ጎመኑም ይሸፈናል።

ትብለጥ፦ ምንተስኖት ነው እንዲህ ያለህ? ይሄን ጎመን? በሰኔ ሦስት ቀን ፈቃድ ሲመጣ ሁለቱን ቀን አጎንብሶ የተከለው ራሱ ነው እኮ!

ታገሰ፦ እንጃ እማማ። ሰው ይበዛል ብለው … ብሎ ነው።

ትብለጥ፦ የምን ሰው?

ታገሰ፦ እንግዳ ይሆናላ።

ትብለጥ፦ እኔ ዘንድ? ለጥምቀት እንኳ ከጥሩወርቅ ሌላ ሰው አይመጣብኝም። የምን እንግዳ?

ታገሰ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? ድንኳን ይተከላል ነው ያሉኝ።

ትብለጥ፦ ድንኳን? እዚህ ግቢ ውስጥ ድንኳን … ኧረ ሀገሬ! ሀገሬ ናታ!

ታገሰ፦ ሀገሬ ማን ናት?

ትብለጥ፦ እነሱ ካምፕ ወጥ ቤት የምትሠራ ልጅ። በሰኔ ሲመጣ ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራብኝ። አንዴ «ሀገሬ ጨው አታበዛም» አለ፣ አንዴ «ሀገሬ እናት የላትም» አለ፤ ሦስተኛውን ረሳሁት። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ጎመኔን ቀነጠስኩ። ሰርግ ነው! ልጄ ሊያገባ ነው፣ ከእኔ ደብቆ ሊያገባ ነው! እውነቱን ንገረኝ፣ ሰርግ ነው አይደል?

ታገሰ፦ እ … አዎ። ሳይሆን አይቀርም።

ትብለጥ፦ ይሄ ሰፈር ሁሉ አውቆ እኔን ያታልለኛል! አሁን ገባኝ፣ ሁሉም አሁን ገባኝ። ትናንት እነ ጋሽ ቱሉ ሦስት ሆነው መጡ፤ ግቢውን በእርምጃ ይለካሉ። ምንድን ነው ስላቸው «አጥሩን እያየን ነው» ይሉኛል። ቤት ግቡ ብላቸው እምቢ፤ ሦስቱም ቆባቸውን አወለቁልኝ። ጋሽ ቱሉ በዕድሜው ሙሉ ለእኔ ቆብ አውልቆ አያውቅም! ልቤ «የሙሽራ እናት ሆነሽ ነው» ማለት ነበረበት።

ታገሰ፦ ቆባቸውን አወለቁ?

ትብለጥ፦ አወለቁ ስልህ! የወፍጮ ቤቱ ሰውም ያንን ሁሉ ወረፋ ዘሎ መጀመሪያ የእኔን ፈጨልኝ። ያ የሴት ወረፋ! አንዲት ሴት ትንፍሽ አላለችም። ጥሩወርቅማ የባሰባት ናት። «ካንቺ ጋ ካላደርኩ» ብላ ሦስት ሌሊት ከጎኔ ተኛች። መተኛቷስ፣ አይኗን ግድግዳው ላይ ሰክታ ነው የምታነጋው። ሳቋን አፍና እኮ ነው፣ ምስጢር የማይቆይላት ሴት!

ታገሰ፦ እማማ … ስልክዎን የወሰደችው አራት ቀኗ ነው ያሉኝ?

ትብለጥ፦ አራት ቀኗ። ደውሎ እንዳይነግረኝ ነዋ!

ታገሰ፦ ሌላ ልጅ አለዎት?

ትብለጥ፦ እሱ ብቻ ነው። ምነው?

ታገሰ፦ ወንድም፣ እህት … በሩቅ ያለ ዘመድ?

ትብለጥ፦ ማንም የለኝም። አባቱ በሁለት ዓመቱ ነው የሞተው፤ ከዚያ ወዲህ እሱና እኔ ነን። ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው? ሰርግ ላይ አልጠራም ብለህ ነው? ትጠራለህ! መንገዱን የደለደልከው አንተ አይደለህ?

ታገሰ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ትብለጥ፦ ቤቱን ቀለም ማስቀባት አለብኝ። ጥርሴንም … ይቺን የጎደለች ጥርሴን ምን አደርጋታለሁ? በነጠላ እሸፍናታለሁ። ጠላውን ለጥሩወርቅ እተዋለሁ፣ እሷ ታውቅበታለች። ለሀገሬ የምሰጣት እንኳ የለኝም … አለ፣ አለኝ! የእናቴ የአንገት መስቀል አለ። እናት የላትም አላለም? እኔው አጠልቅላታለሁ። አንተ፣ እየሰማኸኝ ነው?

ታገሰ፦ እየሰማሁ ነው።

ትብለጥ፦ ቀኑን አልነገረህም? ጥቅምት ነው? ጥቅምት ከሆነ ሁለት ወር አለኝ።

ታገሰ፦ ነገ።

ትብለጥ፦ ምኑ ነገ?

ታገሰ፦ ድንኳኑ። ነገ ሳይነጋ ይተከላል። ጠጠሩ ዛሬውኑ ተደልድሎ ይደር ነው የተባልኩት።

ትብለጥ፦ ነገ ነው ሰርጉ?

ታገሰ፦ ነገ … ይሆናላ። ነገ ነው።

ትብለጥ፦ ነገ ነሐሴ አሥር ነው።

ታገሰ፦ አዎ።

ትብለጥ፦ ፍልሰታ ነው እኮ። ጾም ነው። በፍልሰታ ማን ይሞሸራል?

ታገሰ፦ እማማ፣ እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፣ ጴንጤ ነኝ … ጾሙን አላስተዋልኩትም …

ትብለጥ፦ ሃይማኖትህን አልጠየቅሁህም። በጾም ሰርግ የለም። ቄስ አያጋባም፣ ጎረቤት ሥጋ አይቀምስም። ምንተስኖት ይሄን ያውቃል። ጋሽ ቱሉም ያውቃል።

ታገሰ፦ ምናልባት ቀኑን ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት …

ትብለጥ፦ ሞተሩን አጥፋው።

ታገሰ፦ እማማ …

ትብለጥ፦ አጥፋው አልኩህ። እንዲህ። አሁን እንሰማማለን። ማን ነው የላከህ? ማን ነው የላከህ ልጄ?

ታገሰ፦ እድሩ።

ትብለጥ፦ እድሩ።

ታገሰ፦ አዎ።

ትብለጥ፦ ምንተስኖት አልደወለልህም።

ታገሰ፦ አልደወለልኝም።

ትብለጥ፦ ስሙንም የሰማኸው ከእኔው ነው።

ታገሰ፦ ከእርስዎ ነው።

ትብለጥ፦ ድምፁ ደህና ነው ብለኸኝ ነበር።

ታገሰ፦ ይቅር ይበሉኝ እማማ።

ትብለጥ፦ አላሳለውም አልከኝ። ጥርት ያለ ነው አልከኝ።

ታገሰ፦ ማን መሆኑን አልነገሩኝም! በእግዚአብሔር ስም፣ አልነገሩኝም። ሩቅ ዘመድ ይሆናል፣ አክስት ይሆናል ብዬ ነው። ሲያፋጥጡኝ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። ልጅዎ ስልዎት ዝም ይላሉ፣ ደፍቼ እሄዳለሁ ብዬ ነው። ልጄ ብለው እንዲያ ሲፈነጥዙ … ምላሴ በተቆረጠ።

ትብለጥ፦ ምላስህን ተወው። ና፣ ደግፈኝ። እዚህ ደፉ ላይ አስቀምጠኝ።

ታገሰ፦ ይቀመጡ። ውኃ ላምጣልዎት?

ትብለጥ፦ አታምጣ። በምን ይሆን? ያ ግሬደር ተገልብጦበት ይሆን? ወይስ ያ ሳል?

ታገሰ፦ አላውቅም እማማ። በሕይወቴ እንደ ዛሬ ባወቅሁ ብዬ አላውቅም፣ ደግሞም ባላወቅሁ።

ትብለጥ፦ የት ይሆን ያስተኙት? አራት ቀን …

ታገሰ፦ ለነገ የተቸኮለው … ነገ ሊያመጡት ይሆናል። ቤቱ ሊገባ።

ትብለጥ፦ አዎ። ነገ ይገባል። ሲመጣ ሁሌ ሳይነግረኝ ነው የሚመጣው። ቢያመሽም በሩን በጣቱ ሦስቴ ነው የሚመታው፣ በቡጢ አይደለም።

ታገሰ፦ መኪናውን ልመልሰው? ጠጠሩን የትም ሄጄ እደፋዋለሁ።

ትብለጥ፦ ተው፣ ቁጭ በል። አንተ እናት አለችህ?

ታገሰ፦ የለችኝም።

ትብለጥ፦ ማን አረዳህ?

ታገሰ፦ ማንም። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ በጅቡቲ መስመር ነበርኩ። «መሪ ይዞ እንዴት ይነገረዋል፣ ገደል ይገባል» ብለው ሁለት ወር ሙሉ ደበቁኝ። ስደውል እህቴ ታነሳዋለች፤ «እማዬስ?» ስላት «ገበያ ናት» ትለኛለች። ሁለት ወር ሙሉ ገበያ! እኔም እየዘፈንኩ እነዳለሁ፣ ሻሽ እገዛላታለሁ። ቤት ስገባ ሁሉም አልቅሰው ጨርሰዋል። ልቅሶው ደርቋል፣ ወንበሩ ተመልሷል። ሻሹን ይዤ ግቢው መሃል ቆምኩ፤ ብቻዬን ልጮህ አፈርኩ።

ትብለጥ፦ አላለቀስክም?

ታገሰ፦ አላለቀስኩም። ልቅሶው እስካሁን ውስጤ አለ። ዳገት ስወጣ፣ መኪናው ሲያቃስት፣ አብሮኝ ያቃስታል።

ትብለጥ፦ ለምን አሁን ነገርከኝ?

ታገሰ፦ እኔ እንጃ። እርስዎ ብቻዎን እንዳይሆኑ መሰለኝ።

ትብለጥ፦ ጩኸቱ አፌ ድረስ መጥቷል፣ ታውቃለህ? በሩ ላይ ወጥቼ ልጮህ ነበር፤ ድፍን ደብረ ዘይት እስኪሰማ።

ታገሰ፦ ይጩሁ እንጂ! ማን ይከለክልዎታል?

ትብለጥ፦ ጥሩወርቅስ? ሦስት ሌሊት ከጎኔ ተኝታ የእኔን ልጅ ሞት ብቻዋን ይዛ አነጋች። ለእህቷ እንኳ እንዲህ አላደረገች። እነ ጋሽ ቱሉ ግቢዬን ለክተው፣ ጠጠር ገዝተው፣ ጭቃ ላይ ተቀምጬ እንዳላለቅስ አሰቡልኝ። ነገ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ተያይዘው፣ ሳይነጋ ይመጣሉ። አንዷ ወገቤን ልትይዝ፣ አንዷ ውኃ ልታቀርብ ተነጋግረው ጨርሰዋል። አሁን ብጮህ ሁሉም በየቤቱ ይደነግጣል፤ «ሳናያት፣ ሳንይዛት» ብለው ዕድሜያቸውን በሙሉ ያዝናሉ።

ታገሰ፦ እርስዎስ?

ትብለጥ፦ እኔማ ዛሬ ማታ ሥራ አለኝ። የእሱን አልጋ ላነጥፍ ነው። ከነገ ጀምሮ ያ አልጋ የእኔ አይደለም፤ ፍራሹ ወርዶ ለቀስተኛ ይቀመጥበታል፣ ሰባት ቀን፣ አርባ ቀን። ዛሬ ማታ ግን ሊመጣ ነው ብዬ አንጥፌ፣ ትራሱን ገልብጬ፣ እሱ በሚወደው በኩል አድርጌ … አንዲት ሌሊት ናት። ይቺን ማንም አይወስድብኝም።

ታገሰ፦ ጥሩወርቅ ከጎንዎ ልትተኛ ትመጣለች እኮ።

ትብለጥ፦ ትምጣ። እሷ ለእኔ ትደብቃለች፣ እኔ ለእሷ እደብቃለሁ፤ ሁለታችንም ግድግዳውን እናያለን። አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ።

ታገሰ፦ ይበሉኝ።

ትብለጥ፦ ስትሄድ ጋሽ ቱሉን ታገኘዋለህ። «ሴትዮዋ ቤት ነበሩ፣ ግን ምንም አላወቁም። ስለ ጎመናቸው ተቆጥተው ዝም አሉ» በለው።

ታገሰ፦ እሺ።

ትብለጥ፦ ማልልኝ።

ታገሰ፦ እኛ አንምልም እማማ።

ትብለጥ፦ መዋሸትስ ትዋሻላችሁ?

ታገሰ፦ … ዛሬ ዋሽቻለሁ።

ትብለጥ፦ እንግዲያው አንድ ጨምርልኝ።

ታገሰ፦ እጨምራለሁ። «ምንም አላወቁም» እላለሁ።

ትብለጥ፦ በል ተነስ፣ እነ ጥሩወርቅ አሁን ይደርሳሉ። ድፋው።

ታገሰ፦ ጎመኑንስ? ዳር ዳሩን ልተውልዎት እችላለሁ፣ አካፋ አለኝ።

ትብለጥ፦ አትተወው። ነገ ብዙ እግር ነው የሚቆምበት። ቅጠሉ ከእግር ስር ሲሆን ላየው አልፈልግም። ብቻ ቆይ … ይቺን አንዷን ልንቀላት።

ታገሰ፦ ይተዉት፣ እኔ ልንቀልልዎት።

ትብለጥ፦ ተው፣ ነቀልኳት። እጄስ ይሠራል፣ አፌን ነው መያዝ ያቃተኝ። ይሄ ጩኸት እየመጣብኝ ነው ልጄ፣ እስከ ማታ አይቆይልኝም። ጥሩወርቅ ፊቴን እንዳየች ታውቃለች። ምን ልሁን?

ታገሰ፦ እማማ፣ ይስሙኝ። እኔ ጋቢና ውስጥ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፣ ወደ ኋላ አልዞርም። አሥራ ስድስት ሜትር ኩብ ጠጠር ከብረት ላይ ሲንሸራተት ሰፈሩ በሙሉ ጆሮውን ነው የሚይዘው፤ ጎን ለጎን የቆመ ሰው እንኳ አይሰማማም። እርስዎ እዚህ አጥሩ ጥግ ይቁሙ። የመጨረሻዋ ጠጠር እስክትወርድ ድረስ፣ ምንም ቢጮሁ፣ ማንም አይሰማዎትም።

ትብለጥ፦ እንግዲያው ቀስ አድርገህ ድፋው።